መላጣ አንገቷ ዶሮ ድሬ ላይ፦ ከ13 እንቁላል 2 ጫጩት፤ ምን አጠፋሁ?

የሳቢያኗ | ግንቦት 9

ሰላም የግቢ ዶሮ ወዳጆች። እስከ ዛሬ አንብቤ ብቻ ነበር የምወጣው። ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

አያቴ አምና ስታርፍ ዕቃዋን ተከፋፈልን። ሳጥኑን እህቴ፣ የጆሮ ጌጡን አክስቴ ወሰዱ። አራቱን ዶሮዎች ግን ማንም አልጠየቀም። ከገንደ ቆሬ በባጃጅ ጭኜ ወደ ሳቢያን አመጣኋቸው። ባለ ባጃጁ መንገዱን ሙሉ በመስታወት እያየ ይስቅ ነበር።

መላጣ ናቸው። አንገታቸው ላይ ላባ የሚባል የለም። ከደረታቸው ጀምሮ እስከ ራሳቸው ቀይ ቆዳ ነው፤ አናታቸው ላይ ቆብ የመሰለች ላባ አለች። የጎረቤት ልጆች «ጥንብ አንሳ» ይሏቸዋል። አንድ አውራና ሦስት ሴት ናቸው። አውራው ሙሉ መላጣ ነው፤ ሁለቱ ሴቶችም እንደሱ። ሦስተኛዋ ጉሮሮዋ ላይ ጭብጥ ላባ ስላላት አያቴ «ባለ ክራቫቷ» ነበር የምትላት።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ሚያዝያ 15 ማታ አንዷን በ13 እንቁላል አስታቀፍኳት። ከጎጆዋ ንቅንቅ አላለችም፤ በቀን አንዴ ወጥታ ቀማምሳ ትመለሳለች። ግንቦት 6 ቀኑ ሞላ። የወጡት ሁለት ናቸው። አንዱ ትናንት ሞተ። የቀሩትን 11 ሰበርኳቸው። ሁለቱ ባዶ ናቸው። ሁለቱ ውስጥ ሙሉ ጫጩት ሞቶ ነበር። ሰባቱ ውስጥ ያየሁት አስኳሉ ላይ ቀለበት የሠራ ደም ብቻ ነው።

አውራው አርጅቶ ነው? ዘራቸው ተጠጋግቶ ነው? ወይስ መላጣ እንዲህ ነው? ቤተሰብ ሁሉ «ሳሶ የሚባለውን የፈረንጅ ዶሮ ግዢና ተገላገይ» እያለኝ ነው። እኔ ግን ይቺ የአያቴ ዘር በእጄ እንድትጠፋ አልፈልግም።

ቀፊራ_ሚዛን | ግንቦት 9

እህት፣ ቀፊራ ገበያ ዶሮ ሳገላብጥ ዓመታት አልፈውኛል፤ ሳትቀየሚኝ ስሚኝ። መላጣ ገበያ የላትም። የበዓል ገዢ ይመጣል፣ ክንፏን ይገልጣል፣ ደረቷን ይዳብሳል። ቀይ ወይ ገብስማ ከሆነች ዋጋ ይጠይቃል። መላጣዋን ሲያይ «ይቺ ምን ሆና ነው?» ብሎ ያልፋል። ለፋሲካ አንዷ እስከ ምሽት እጄ ላይ ቀርታ ለምግብ ቤት በርካሽ ለቀቅኳት። እዚያ ወጡ እንጂ ላባው አይታይ።

የ45 ቀን ሳሶ ግዢ። በአምስት ወር እንቁላል ትበያለሽ።

ለገሀሬ_ማታ | ግንቦት 9

እየተከታተልኩ ነው። ፎቶ ይለጠፍ።

የምድር_ባቡር_ጡረተኛ | ግንቦት 9

አቦ ቀፊራ፣ አንተ ደግሞ ሁሉን በሚዛን!

ልጄ፣ እንዳትሸጪያቸው። እኔ የከዚራ ሰፈር ሰው ነኝ። አምና በሰኔ ሰባት ሳሶና ሁለት መላጣ ነበሩኝ። አንድ ቀን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ያን ነፋስ የሌለውን የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ ሳሶዎቹ አፋቸውን ከፍተው ክንፋቸውን ዘርግተው ማለክለክ ጀመሩ። ውሃ ስረጭ፣ ጆንያ አርሼ ስሰቅል ዋልኩ። ሦስቱ እያየኋቸው ወደቁ። ሁለቱ መላጦች በዚያ ሰዓት ኒሟ ሥር አፈር ይቧጥጡ ነበር። ምንም እንዳልተፈጠረ!

ላባ ማለት ጋቢ ነው። እስቲ በሰኔ ቀትር ለገሀሬ አደባባይ ላይ ጋቢ ለብሰሽ ቁሚ። መላጣዋ ጋቢዋን አውልቃ ነው የተወለደችው።

አውራው አርጅቶ ይሆናል ላልሽው፣ ዕድሜው ስንት ነው?

የሳቢያኗ | ግንቦት 9

አባባ፣ እንደ አያቴ አነጋገር ሁለት ዓመት ተኩል ቢሆነው ነው። አሁንም ጠዋት ጠዋት ሴቶቹን ሲያሳድድ መከራ ያሳያቸዋል፤ ያረጀም አይመስልም።

ነጭ_ጋዋን | ግንቦት 10

ሰላም። በሙያዬ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ ሐረማያ ነው የተማርኩት። አውራውን ከመወንጀላችን በፊት ሦስት ጥያቄ አለኝ። እንቁላሉን በስንት ቀን አጠራቀምሽው? የት አስቀመጥሽው? ከማን ከማን የተሰበሰበ ነው?

ስለ መላጣነቱ ግን አሁኑኑ ልመልስ። በሽታ አይደለም፣ ዘር ነው። ከአባትም ከእናትም የወረሰ ሙሉ መላጣ ይሆናል። ከአንዱ ብቻ የወረሰ ያቺን የጉሮሮ ጭብጥ ይዞ ይወጣል፤ አያትሽ «ክራቫት» ያሏት እሷን ነው። ሙሉ መላጣ የሆነው የገላው ላባ ጭምር እስከ 40 በመቶ ድረስ ይቀንሳል፤ ባለ ክራቫቱ ደግሞ የዚያን ግማሽ ያህል። ጋሼ ጋቢ ያሉት ትክክል ነው። ዶሮ ላብ የላትም፤ ሙቀቷን የምታስወጣው በትንፋሿና በተራቆተው ቆዳዋ ነው።

ይህን ያዢ። ሁለት ባለ ክራቫት ቢገናኙ፣ በአማካይ ከአራት ጫጩት አንዱ ሙሉ መላጣ፣ ሁለቱ ባለ ክራቫት፣ አንዱ ባለ ላባ ነው። ሙሉ መላጣ አውራ ካለሽ ግን የሱ ልጅ ሆኖ አንገቱን ሙሉ ላባ የሚሸፍነው ጫጩት አይኖርም። አውራሽ ትልቅ ሀብት ነው።

የሳቢያኗ | ግንቦት 10

ዶክተር አመሰግናለሁ። ከሁለቱ መላጦችና ከባለ ክራቫቷ ነው የሰበሰብኩት። 12 ቀን ፈጀብኝ። ያስቀመጥኩት ማድ ቤት ቁም ሳጥን አናት ላይ፣ በካርቶን ነው። ድመት እንዳይነካው ብዬ።

ነጭ_ጋዋን | ግንቦት 10

ጣሪያው ቆርቆሮ ነው?

የሳቢያኗ | ግንቦት 10

አዎ። ኮርኒስም የለው።

ነጭ_ጋዋን | ግንቦት 10

በቃ፣ ጥፋተኛው ተገኘ። ጥፋተኛው ቆርቆሮው ነው።

ለመታቀፍ የሚጠራቀም እንቁላል ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይፈልጋል፤ ከ20 ዲግሪ በታች ቢሆን እሰየው። ከ27 ካለፈ ውስጡ ያለው ሽል «ታቀፍኩ» ብሎ ማደግ ይጀምራል። ያንቺ ማድ ቤት ቀን ከ35 በላይ ነው። ሌሊት በረድ ሲል እድገቱ ይቆማል። በነጋታው ይቀጥላል፣ ማታ ይቆማል። 12 ቀን እንዲህ ሲንገላታ የቆየ ሽል ዶሮዋ ሥር ሲገባ ጉልበት የለውም። ያየሽው የደም ቀለበት በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሞተ ሽል ምልክት ነው። አውራው መካን ቢሆን ኖሮ ባዶዎቹ ነበሩ የሚበዙት። ያንቺ ባዶ ሁለት ብቻ ነው። አውራውን ይቅርታ ጠይቂው።

ከሰባት ቀን በላይ አታጠራቅሚ። ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጊ። አትጠቢው፤ የቆሸሸውን ተይው፣ ለምግብ ይሁን።

እናት_ዶሮ | ግንቦት 11

ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፤ እኔ ስልኩን አልችለውም። እዚሁ ድሬ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ነው የምኖረው።

የኔ ልጅ፣ አያትሽ ብትኖር ይሄን ስህተት አትሠሪም ነበር፤ ነፍሷን ይማር። እንቁላል ከላይ አይቀመጥም። ከታች ነው። የውሃ እንስራ አለሽ? ላቡ የሚወርደው፣ ሥሩ ሁሌ እርጥብ የሚሆነው። በሱ ጎን፣ መሬት ላይ፣ አሮጌ ድስት አስቀምጪ። ውስጡን አሸዋ አድርጊና እንቁላሉን እላዩ ላይ ደርድሪ። እንስራው ያበርደዋል። እኛ ዲግሪ የምትሉትን አናውቅም፤ እጃችንን አሸዋው ላይ አድርገን ቀዝቀዝ ካለን በቃን።

ስታስታቅፊም የምጣድ ስባሪም ሰፌድም ላይ አታድርጊ። ሰፋ ያለ ሸክላ ግማሹን መሬት ውስጥ ቅበሪ፤ አመድ ነስንሺ፤ ከአመዱ ላይ ገለባ። ከገለባው መሃል የኒም ቅጠል ጣል አድርጊበት፤ ቅማሉ አይወደውም። ጎጆው ጨለም ያለ ይሁን። ዶሮ ሰው እያያት መታቀፍ ያሳፍራታል።

እኛ ከሰል ቁራጭም እናደርግበታለን፣ ለመብረቁ። ይሄን ዶክተሩ አይስማ።

ነጭ_ጋዋን | ግንቦት 11

ሰምቻለሁ እማማ! ከሰሉ ምንም አይጎዳም፤ ይኑር። የእንስራው ነገር ግን እኔ ከጻፍኩት ሁሉ ይበልጣል። ከገላጣ ሸክላ የሚተነው ውሃ ነው የሚያበርደው። ፍሪጅ ውስጥ ከመክተት በእጅጉ ይሻላል፤ ያ ደግሞ ለዘር እንቁላል ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል።

ቀፊራ_ሚዛን | ግንቦት 11

እሺ እንቁላሉ ተፈታ። የዘር መጠጋጋቱስ? አራት ዶሮ ይዛ እስከ መቼ? አባት ከልጅ፣ ወንድም ከእህት። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጣት ጠማማ፣ እንቁላል ነጣፊ ትሆንባታለች። እኔ ንግድ ቢሆንም ሥራዬ፣ ዶሮ አውቃለሁ።

ነጭ_ጋዋን | ግንቦት 11

እውነቱን ነው። አንድ አውራ ለስምንት ለአሥር ሴት ይበቃል፤ በየዓመቱ ግን ከሌላ ቤት መላጣ አውራ መቀያየር ያስፈልጋል። መላጣ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ድሬ፣ ሐረር፣ ሐረማያ፣ ደደር፣ የትም።

ጀጎል_ቆጥ | ግንቦት 12

እኔ አለኝ። ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ። አምስት መላጣ ሴት፣ ሁለት አውራ። የመጀመሪያዋን የገዛሁት ከጃርሶ በኩል ዶሮ ይዘው ከሚመጡ እናቶች ነው። በነገራችን ላይ የጃርሶ ዶሮ ከሆሮና ከጨፌ ጋር ስሙ የሚነሳ የአገራችን ዘር ነው፤ ከጓሯችን ያለውን ነገር ሌላው ያጠናዋል፣ እኛ ሳሶ ፍለጋ እንሰለፋለን።

ዶክተር፣ አንተ የምትለው ሁሉ ለድሬ ልክ ነው። ሐረር ግን ሌላ አገር ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እኛ ከ1,800 በላይ ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት መላጣ ትበርዳለች። ቆጥ ላይ ተጣብቀው ነው የሚያድሩት፤ እኔ ማታ ማታ ማሽላ ጨምሬ እሰጣቸዋለሁ። የጎደለውን ላባ በምግብ ነው የምታካክሰው። ጫጩቶቹን ደግሞ እናታቸው ከተወቻቸው በኋላ አንድ ወር ያህል ቤት ውስጥ በቅርጫት አሳድራቸዋለሁ።

ሌላው የሐረር ጣጣ ሸለምጥማጥ ነው። ሰው ሐረር ሲባል ጅብ ነው የሚያስበው። ጅቡ ምስኪን ነው፤ አጥንቱን ይዞ ይሄዳል። ዶሮዬን የጨረሰችው ሸለምጥማጥ ናት። የድንጋይ ግንብ ላይ ጡጫ በምታሾልክ ቀዳዳ ገብታ በአንድ ሌሊት አራት አንገት ቀነጠሰች። አልበላችም እኮ! አንገቷን ብቻ። መላጣ አንገት ደግሞ አመቻት መሰለኝ።

አውራ መቀያየሩን ተስማምቻለሁ። በባጃጅ... ይቅርታ፣ በሚኒባስ ቁልቁል ላመጣልሽ እችላለሁ። እግሩን አስሬ።

የምድር_ባቡር_ጡረተኛ | ግንቦት 12

አቦ፣ እግሩን አስረህ ዘቅዝቀህ? ከሐረር ድሬ፣ በዚያ ጠመዝማዛ?

ጀጎል_ቆጥ | ግንቦት 12

አንተ ደግሞ ዶሮ ሌላ በምን ይያዛል? (የሐረር ሰው ነኝ፤ አንቱ አልችልበትም።)

የምድር_ባቡር_ጡረተኛ | ግንቦት 12

አንተ በለኝ፣ ሐረር አማች አለኝ፤ ለምጄዋለሁ። ዶሮውን ግን አትዘቅዝቅ።

ነጭ_ጋዋን | ግንቦት 12

ይህ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። እኛ ደረትና ሆዳችንን የሚለይ ድያፍራም አለን፤ ዶሮ የላትም። ስትዘቀዘቅ ሆድ ዕቃዋ ሁሉ ወደ አየር ከረጢቶቿና ወደ ሳንባዋ ይጫናል። በሙቀት ቀን ለረዥም ሰዓት ከሆነ ትሞታለች።

አያያዙ እንዲህ ነው። ቀን አታሳድዷት። ማታ ቆጥ ላይ ከወጣች በኋላ፣ መብራት ሳታበሩ ሂዱ። ጨለማ ውስጥ ዶሮ አትሮጥም። አንድ እጃችሁን ከደረቷ ሥር አስገቡ፤ ሁለት እግሮቿን በጣቶቻችሁ መሃል ያዙ፤ ሌላው እጅ ክንፎቿን ከጎኗ ጋር ይጫን። ከዚያ ብብታችሁ ሥር ራሷን ወደ ኋላ አድርጋችሁ አሳርፏት። ዝም ትላለች። መላጣዋን አንገቷን አትያዙ፤ ቆዳዋ ስስ ነው፣ ጥፍር ያቆስለዋል። ለመንገድ የካርቶን ሳጥን ይበቃል፣ ጎንና ጎኑን በስታችሁ።

የሳቢያኗ | ግንቦት 13

ዛሬ ማታ ሞከርኩት! ባለ ክራቫቷን ያዝኳት። ልቧ እጄ ላይ እንደ ሰዓት ይመታል፤ ከዚያ ረገበች። እንደዚህ ቀርቤ አይቻት አላውቅም። በስልኬ መብራት አንገቷን ስመለከት ዓይኗ ዙሪያ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ተሰክቷል። በጥፍሬ ልነቅለው ብል እምቢ አለ። ቆሻሻ አይደለም፤ እግር አለው!

እናት_ዶሮ | ግንቦት 13

ቁንጫ ነው የኔ ልጅ። የዶሮ ቁንጫ ከነከሰ አይለቅም። አትንቀዪው፣ ያቆስላታል። ቫዝሊን ወይ ቅቤ በጣትሽ ለቅልቂው፤ ታፍኖ ራሱ ይወድቃል። ዓይኗ ውስጥ አይግባ። ቆጡንና ጎጆውን ደግሞ ጠርገሽ ጥራጊውን አቃጥዪው፣ አመድ ነስንሺ። እናት ዶሮዋን ሳታጸጂ እንዳታስታቅፊ፤ ጫጩቶቹን ደማቸውን መጦ ይጨርሳቸዋል።

ነጭ_ጋዋን | ግንቦት 13

አየሽ፣ መላጣነቷ እዚህም ጠቀመሽ። ባለ ላባ ብትሆን ሳምንታት ሳታይው ይቆይ ነበር። በተቃራኒው የዶሮ ፈንጣጣ የሚወጣው ላባ የሌለበት ቆዳ ላይ ነው፤ የሚያስተላልፈው ደግሞ ትንኝ ነው። ድሬ ላይ የወባ ትንኝ ብቻ አይደለም ያለው። ግቢሽ ውስጥ ውሃ የሚያቁር ጎማ፣ ጣሳ ካለ ድፊው።

ከጀጎል የሚመጣው አውራ ነገር፦ መጥቶ ወዲያው አይቀላቀል። ሁለት ሳምንት ለብቻው፣ ውሃና መኖው ለብቻው፣ አንቺም መጀመሪያ የራስሽን መግበሽ በመጨረሻ ነው ወደሱ የምትሄጂው። የምፈራው ፈንግል የሚባለውን ተላላፊ የዶሮ በሽታ ነው።

ቀፊራ_ሚዛን | ግንቦት 13

ፈንግል አታንሱብኝ። ሁለት ዓመት ሆነ፤ ለእንቁጣጣሽ ያስገባሁት ዶሮ ሁሉ በአራት ቀን አለቀ። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ አንገቱ እንደ ገመድ ተጠማዞ። የገዛሁበት ሰው ጠዋት «ጤነኛ ነው» ብሎ ምሎልኝ ነበር። በዚያ ሳምንት የማልክደው ነገር፣ አንዳንዱ ነጋዴ ያመመውን በርካሽ አርዶ ሸጠ። እኔ ቆፍሬ ቀበርኩት። ባዶ ኪሴን ገባሁ።

ነጭ_ጋዋን | ግንቦት 13

መቅበርህ ያስመሰግንሃል። በዓል ሲቃረብ ከየቦታው ዶሮ አንድ ገበያ ላይ ይገናኛል፤ ያኔ ነው የሚዛመተው። መድኃኒት የለውም፣ ክትባት ብቻ ነው። ቢሾፍቱ የሚመረት አለ። ኤችቢ ዋን የሚባለው ለጫጩት በዓይን ጠብታ ይሰጣል። ላሶታ በውሃ ይሰጣል። ለኛ ሙቀት የሚመቸው አይ-ቱ የሚባለው ነው፤ ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀት ይችላል፣ በዓይን አንድ ጠብታ ነው፣ በየሦስት በየአራት ወሩ ይደገማል። ጠርሙሱ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ስለሆነ ለአራት ዶሮ ብለሽ አትክፈቺው። ጎረቤት ሰብስቢ።

በውሃ ከሆነ የቧንቧውን ውሃ እንዳለ አትጠቀሚ፤ ክሎሪኑ ክትባቱን ይገድለዋል። በሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ ስብ አልባ የዱቄት ወተት በጥብጪበት። ዶሮዎቹን ከዚያ በፊት አንድ ሰዓት ያህል ውሃ ንሻቸው፤ በድሬ ሙቀት ከዚያ አታስረዝሚው፣ በጠዋት ይሁን። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጠጥተው ይጨርሱ።

ለገሀሬ_ማታ | ግንቦት 14

እኔ ሦስት ዶሮ አለኝ፣ ከሳቢያን ሩቅ አይደለሁም። ክትባቱ ሲከፈት ጥሩኝ። ገራባ ነው የምቀልባቸው፣ የበርጫ ጫት ትራፊ ሞልቷል። ችግር አለው?

ነጭ_ጋዋን | ግንቦት 14

ተው። ጫት ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ገበሬ ብዙ ነው። ለፍየል ቢሆንም እኔ አልመክርም። የተሰበረ ማሽላ፣ ፉርሽካ፣ የእንጀራ ፍርፋሪ ስጣቸው። የእንቁላል ቅርፊት ቆልተህ አድቅቀህ ጨምርበት። ምስጥ ካገኘህ ለጫጩት ከሥጋ ይበልጣል።

ቀፊራ_ሚዛን | ሰኔ 2

አንድ ጥያቄ፣ ለሳቅ እንዳታደርጉብኝ። አንዱ መላጣ ጫጩት ይዞ መጥቶ «የጥንቱ የሐበሻ ዘር ነው» ብሎ እንደ ወርቅ ይጠራል። አጓጉል ትልቅ ነው። መላጣ ሁሉ የኛ ነው?

ነጭ_ጋዋን | ሰኔ 2

አይደለም። ሩማንያ ውስጥ ትራንሲልቫንያ የሚባል የታወቀ መላጣ ዘር አለ። ፈረንሳዮችም በመስክ የሚያሳድጓቸው የሥጋ ዶሮዎቻቸው ውስጥ መላጣ ብዙ ነው። የኛዋ ቀለል ያለች፣ እግሯ ቀጠን ያለ፣ ወፍ አይታ ወደ ዛፍ የምትበር ናት። ታቀፍ ስትባል ታቅፋለች፤ የፈረንጅ ማራቢያ ያንን ከብዙ ዘር አጥፍቶታል። ዓመቱን ሙሉ የምትጥለው 40፣ 60 እንቁላል ቢሆን ነው፤ እየታቀፈች ነው የምትውለው። የ45 ቀን ሆኖ የኛን ቄብ የሚያክል ካየህ ጠርጥር።

ጀጎል_ቆጥ | ሰኔ 2

ቀፊራ፣ ስለ መላጣ ትጠይቅ ጀመር?

ቀፊራ_ሚዛን | ሰኔ 2

ዝም በል አንተ።

የሳቢያኗ | ሰኔ 14

ትናንት ማታ፣ ሰኔ 13፣ አስታቀፍኳት። 11 እንቁላል፤ ሁሉም የስድስት ቀን። እንስራው ጎን አሸዋ ላይ ነበር የቆየው። ጠዋት ጠዋት እጄን አሸዋው ላይ አድርጌ እሞክር ነበር፤ በዚህ ሙቀት እንዴት እንደሚበርድ ይገርማል። ቫዝሊኑም ሠርቷል፤ ቁንጫው በአራተኛው ቀን ረገፈ። እማማ፣ ከሰሉንም አድርጌያለሁ።

የሳቢያኗ | ሰኔ 20

ሰባተኛው ቀን። ክፍሉን አጨልሜ እንቁላሉን በስልኬ መብራት ላይ አስቀምጬ አየሁ። ዘጠኙ ውስጥ እንደ ሸረሪት ያለ ቀይ ሥር፣ መሃሉ ላይ የምትንቀሳቀስ ጥቁር ነጥብ። እናቴን ጠራኋት። ሁለታችንም አልተነፈስንም። ሁለቱ ንጹሕ ናቸው፣ አወጣኋቸው።

የሳቢያኗ | ሐምሌ 5

ዘጠኝ ከዘጠኝ!!! ትናንት ከጠዋት ጀምሮ መሰበር ያዙ፣ ማታ ሁሉም ወጡ። አምስቱ ሙሉ መላጣ፣ ሦስቱ ባለ ክራቫት።

ግን ዶክተር፣ አንዱ አንገቱ በሙሉ ጸጉራም ነው። ቡናማ፣ ወፍራም። የአውራዬ ልጅ ሆኖ ባለ ላባ አይኖርም አላልክም?

ነጭ_ጋዋን | ሐምሌ 5

እንኳን ደስ አለሽ! አላልኩም፣ አሁንም አልልም። የአውራሽ ልጅ አይደለም። ጎረቤትሽ አውራ አለው?

የሳቢያኗ | ሐምሌ 5

ኧረ ጉድ። አጥሩ ማዶ ሳሶ አውራ አለ። ባለ ክራቫቷ ስትጠፋብኝ ውላ ትመጣ ነበር።

የምድር_ባቡር_ጡረተኛ | ሐምሌ 5

ባለ ክራቫት ስትሆን ግብዣ ይበዛባታል ልጄ።

ነጭ_ጋዋን | ሐምሌ 5

አንድ ነገር ልጨምር። ሴት ዶሮ የአውራውን ዘር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በሆዷ ታቆያለች። ስለዚህ የጀጎሉ አውራ ሲመጣ አሮጌውን ከለየሽ በኋላ ሦስት ሳምንት የሚጣለውን እንቁላል ብዪው። ለመታቀፍ የሚሰበሰበው ከዚያ በኋላ ነው። አጥሩን ደግሞ ከፍ አድርጊው።

ቀፊራ_ሚዛን | ሐምሌ 6

ያንን ባለ ላባውን ሲያድግ ለኔ ስጪኝ፣ ለበዓል ጥሩ ዋጋ እከፍላለሁ። እና... ከባለ ክራቫቶቹ አንዲት ቄብ ብትተርፍሽ። ለሽያጭ አይደለም። ቤቴ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው።

የሳቢያኗ | ሐምሌ 6

እንስራ አለህ?

ቀፊራ_ሚዛን | ሐምሌ 6

እገዛለሁ።

ጀጎል_ቆጥ | ሐምሌ 7

ቅዳሜ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ እወርዳለሁ። አውራው በካርቶን ነው፣ ስምንት ቀዳዳ በስቼለታለሁ፤ አባባ እንዳይቆጣኝ። ማታ ከቆጥ ላይ በጨለማ ያዝኩት፤ እውነትም ዝም ይላል። የሳቢያኗ፣ ያንቺን አውራ ለመመለሻ አዘጋጂ። ለብቻው የሚቀመጥበት ቦታ አለሽ አይደል?

የሳቢያኗ | ሐምሌ 7

የአያቴ ጀበና የነበረበት ጓዳ ነጻ ነው። ና፣ ቁርስ እዚሁ ነው።